ስህተት ለቀማ፦ የእንግሊዝኛ ቴንስ እርማት ከየት መጣ?

እንግሊዝኛ የተፈተነ ሰው ሁሉ ይህችን ጥያቄ ያውቃታል። አንዲት ዓረፍተ ነገር ትቀርባለች፤ አራት ቦታ ይሰመርባታል፤ ከአራቱ ስህተት ያለበትን ምረጥ ይባላል። ፈተና የለመደ ተማሪ ዓረፍተ ነገሯን እስከ መጨረሻው ማንበብ እንኳ አያስፈልገውም። «የስተርደይ» የሚል ቃል ካየ ግሱን ወደ ሲምፕል ፓስት ይመልሳል፤ «ሲንስ» ካየ «ሃቭ»ን ይፈልጋል፤ «ቱሞሮው» ካየ «ዊል»ን ያስገባል። ይህ መልመጃ በጣም ከመለመዱ የተነሣ ከቋንቋው ጋር አብሮ የተፈጠረ ይመስላል። ነገር ግን የተጀመረበት ዘመን፣ የጻፉት ሰዎችና ያሳተሙት ከተሞች የሚታወቁ፣ ከሦስት መቶ ዓመት ያነሰ ዕድሜ ያለው ልማድ ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር አንድ ነው፤ የተሳሳቱ ዓረፍተ ነገሮችን ደርድሮ ማሳረም የግስን ቅርጽ በደንብ አስተምሯል፤ የግስን ጊዜ ግን በማይገኝበት ቦታ እንድንፈልገው አድርጎናል። ልማዱ እንዴት እንደተወለደና ማን እንዳሳደገው ብናይ ይህ ለምን እንደሆነ ይገባናል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ሁለት ዓይነት ስህተት መለየት ያስፈልጋል። «ሂ ሃዝ ወንት» ተብሎ ቢጻፍ ጸሐፊው ማን እንደሆነ፣ ስለ ማን እንደሚያወራ ሳናውቅ ስህተት ነው እንላለን፤ ከ«ሃዝ» በኋላ «ጎን» እንጂ «ወንት» አይመጣምና። ይህ የቅርጽ ስህተት ነው፤ ዓይን ይይዘዋል። አሁን ደግሞ እነዚህን ሁለት እንይ፦ «ሂ ሊቭድ ኢን ጎንደር ፎር ቴን ይርስ» እና «ሂ ሃዝ ሊቭድ ኢን ጎንደር ፎር ቴን ይርስ»። በቅርጽ ሁለቱም እንከን የላቸውም። የመጀመሪያው ሰውዬው ጎንደር አሥር ዓመት ኖሮ እንደለቀቀ ወይም ከዚህ ዓለም እንደተለየ ይናገራል፤ ሁለተኛው አሥር ዓመት ሞላው፣ አሁንም እዚያው ነው ይላል። የሟችን የሕይወት ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሁለተኛውን ቢጽፍ ትልቅ ስህተት ሠራ፤ የጎረቤቱን ነገር የሚያወራ ሰው ቢጽፈው ግን ልክ ነው። ዓረፍተ ነገሯን ብቻ ነጥሎ አይቶ ይህን የሚፈርድ ሕግ የለም። ፈራጁ ሰውዬው ዛሬ የት እንዳለ፣ ከፊትና ከኋላ ምን እንደተባለ ማወቅ አለበት። የጊዜ ስህተት የምለው ይህን ነው። አብዛኛው የእንግሊዝኛ ተማሪ ጽሑፍ ሲጽፍ የሚቸገረው በዚህኛው ነው፤ ሲፈተን የኖረው ግን በመጀመሪያው ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከላቲን ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ «ሰዋስው» ማለት የላቲን ሰዋስው ማለት ነበር። በሄንሪ 8ኛ ትእዛዝ ለትምህርት ቤቶች ሁሉ የተወሰነው የዊልያም ሊሊ መጽሐፍ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ልጆችን ሲያስለቅስ ኖሯል። በ1586 ዊልያም ቡሎካር የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ ሰዋስው ሲያሳትም የሊሊን መልክ ይዞ ነው። ላቲን ለእንግሊዝ ልጅ ባዕድ ቋንቋ ስለነበር ስህተት ማለት ከሰንጠረዡ መውጣት ነበር፤ ሰንጠረዡን ያልሸመደደ ይገረፋል። የንግሥት ኤልሳቤጥ አስተማሪ የነበረው ሮጀር አስከም የማስተማር ዘዴውን የያዘውን መጽሐፍ ለመጻፍ የተነሣው በ1563 ዊንዘር ቤተ መንግሥት በተደረገ ግብዣ ላይ የኢተን ተማሪዎች ግርፋት ፈርተው መጥፋታቸው ከተወራ በኋላ ነው። ከሞተ በኋላ በ1570 የታተመው ይህ መጽሐፍ ለኛ ጉዳይ ትልቅ ቁም ነገር አለው፤ ከጊዜ በኋላ ከተሸነፈው መንገድ ጋር ያስተዋውቀናልና።

የአስከም ዘዴ ይህ ነበር። ተማሪው ከሲሴሮ ደብዳቤዎች አንዱን ወስዶ በአንድ ደብተር ወደ እንግሊዝኛ ይመልሳል። ከዚያ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆይቶ፣ ዋናውን ሳያይ፣ የራሱን እንግሊዝኛ በሌላ ደብተር ወደ ላቲን ይመልሰዋል። በመጨረሻ መምህሩ የተማሪውን ላቲንና የሲሴሮን ላቲን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያነጻጽራል፤ የተሳካውን ያመሰግናል፣ የጎደለውን በርኅራኄ ያሳያል። እዚህ ላይ ማንም ሆን ብሎ ያበላሸው ዓረፍተ ነገር የለም። ተማሪው የሚያርመው የራሱን ስህተት ነው፤ የሚያርመውም በሙሉ ደብዳቤ ውስጥ፣ ማን ለማን መቼ እንደጻፈ እያወቀ ነው። ለኛ አንባቢ ይህ እንግዳ መሆን የለበትም። በቅኔ ቤት ተማሪው ግሱን ከሸመደደ በኋላ ቅኔውን ራሱ ቆጥሮ ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታም ቅኔውን ሙሉውን ሰምተው ያርሙታል። ተሳስቶ የተዘጋጀ ቅኔ እየሰጡ «ጉድለቱን ፈልግ» ማለት የዚያ ቤት ሥርዓት አይደለም። ሁለቱ ትምህርት ቤቶች ተገናኝተው አያውቁም፤ ሁለቱም ግን እርማት ከድርሰት በኋላ እንደሚመጣ ያውቁ ነበር።

ለመሆኑ እንግሊዝኛ ስንት የግስ ጊዜ አለው? የልማዱን ሥር ለማየት ይህ ጥያቄ ይጠቅማል። የሒሳብ ሊቁ ጆን ዋሊስ በ1653፣ በላቲን በጻፈው የእንግሊዝኛ ሰዋስው፣ ሁለት ብቻ ነው አለ፤ የአሁንና ያለፈ። ግሱ ራሱ መልኩን የሚለውጠው በነዚህ ሁለት ነውና። «ሻል» እና «ዊል» ለየትኛው መደብ እንደሚሆኑ የሚለየውን ዝነኛ ሕግ የጻፈውም እሱ ነው፤ የሕጉ ፍርስራሽ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ የትምህርት ቤት መጽሐፍ ውስጥ ተርፏል። የ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ግን የሁለቱ ጊዜ ነገር ተረስቶ፣ በየትምህርት ቤቱ የሚያዘው ቁጥር ስድስት ሆነ፤ በላቲን ስድስት ስለነበረ። ሲምፕል ፓስት የምንለውን «ኢምፐርፌክት» ብለው የላቲን ስም አወጡለት፣ ያለቀ ድርጊት የሚናገር ሆኖ ሳለ። እንግሊዝኛ ጊዜን የሚገልጸው በረዳት ግስ፣ በጊዜ ቃላትና በንግግሩ ዐውድ ተባብሮ ነው፤ የላቲኑ ሰንጠረዥ ግን ሁሉንም በሣጥን በሣጥን ከፈለው። ሣጥኑ ከተዘጋጀ በኋላ «ይህ ግስ የተሳሳተ ሣጥን ውስጥ ገብቷል» ብሎ ማሳረም ቀላል ሆነ።

የማሳረሙ ፈጠራ ግን የላቲን መምህራን ሥራ ብቻ አልነበረም። በ1745 አካባቢ ኒውካስል ከተማ ትምህርት ቤት የነበራት አን ፊሸር አዲስ የእንግሊዝኛ ሰዋስው አወጣች። ባሏ ቶማስ ስላክ አታሚ ነበር። ፊሸር የላቲንን ቃላት ጥላ መምህራንና ነጋዴዎች የሚረዱት እንግሊዝኛ መረጠች፤ በመጽሐፏም ሆን ተብለው የተበላሹ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮች ያሉበት መልመጃ አስገባች። ተማሪው ሕጉን እያየ ያቃናቸዋል። ለምን በዚያ ዘመንና በዚያ ከተማ? ኒውካስል የድንጋይ ከሰልና የመርከብ ከተማ ነበረች፤ ላቲን የማያስፈልጋቸው፣ ነገር ግን ደብዳቤና የሒሳብ መዝገብ በጨዋ እንግሊዝኛ መጻፍ የሚፈልጉ ቤተሰቦች በዝተዋል። የአነጋገራቸው ነገር የትውልድ ቦታቸውንና መደባቸውን ያጋልጥባቸዋል። ስህተትን ቆጥሮ የሚያሳይ መጽሐፍ ለነሱ የማዕረግ መሰላል ነበር። ስለዚህ መልመጃው ሲወለድ ከትምህርቱ ጎን ሌላ አገልግሎት ነበረው፤ ማን ከማን እንደሚለይ ያሳይ ነበር።

በ1762 ሮበርት ላውዝ ይህን ጉዳይ ወደ ሊቃውንቱ ሰፈር አወጣው። ላውዝ በኋላ የለንደን ጳጳስ የሆነ፣ በዕብራይስጥ ቅኔ ላይ ባደረገው ጥናት የተከበረ ሰው ነው። አጭር የሰዋስው መጽሐፉን የጀመረው ለልጁ ብሎ ሲሆን ሲታተም ስሙን እንኳ አላወጣበትም። የመጽሐፉ ጉድ ያለው በግርጌ ማስታወሻዎቹ ላይ ነው፤ ሼክስፒርን፣ ሚልተንን፣ ፖፕን፣ ስዊፍትን፣ የመጽሐፍ ቅዱሱን ትርጉም ሳይቀር እየጠራ ጥፋታቸውን ይዘረዝራል። በግስ በኩል አጥብቆ የተቃወመው «አይ ሃቭ ሮት»፣ «አይ ሃቭ ድራንክ» የመሰለውን፣ ማለትም ያለፈውን ቅርጽ ከ«ሃቭ» በኋላ በሚመጣው ቅርጽ፣ በፓርቲሲፕል፣ ቦታ ማስገባትን ነው። ልብ እንበል፤ ይህ የቅርጽ ጉዳይ ነው። ሰው ምን ሊል እንደፈለገ ማንም አይጠፋውም፤ ጊዜው ልክ ነው፤ የተጣላው ቅርጹ ነው። ደግሞም በዘመኑ ቅርጹ ገና አልረጋም ነበር። የኋላ ዘመን አጥኚዎች የላውዝን የግል ደብዳቤዎች ሲያነቡ፣ ጳጳሱ ለባለቤቱ ሲጽፍ በመጽሐፉ ያወገዛቸውን ቅርጾች ራሱ ይጠቀም እንደነበር አግኝተዋል። ይህ ግብዝነት አልነበረም። ለአደባባይ የሚለበስ እንግሊዝኛና ለቤት የሚለበስ እንግሊዝኛ ተለይተው ነበር፤ ሰዋስው ጸሐፊዎቹ የአደባባዩን ብቻ «ትክክል» አሉት። ከላውዝ አንድ ዓመት ቀድሞ ጆሴፍ ፕሪስትሊ የቋንቋ ዳኛው ልማድ እንጂ ሌላ አይደለም ብሎ ነበር፤ ሰሚ ያገኘው ግን ላውዝ ነው።

ልማዱን ዓለም አቀፍ ያደረገው ሊንድሊ መሪ ነው። መሪ ፔንሲልቬንያ የተወለደ፣ ኒው ዮርክ ውስጥ በጥብቅና የበለጸገ የኩዌከር ማኅበረ ምእመን አባል ነበር። ጤናው ሲታወክ በ1784 ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ ዮርክ አጠገብ በምትገኘው ሆልጌት ተቀመጠ። እዚያ ላለ የኩዌከር ልጃገረዶች ትምህርት ቤት መምህራን ጥያቄ የጻፈው ሰዋስው በ1795 ወጣ። በ1797 መልመጃውና የመልስ ቁልፉ ተከተሉ። ቅጂዎቹ በአትላንቲክ ማዶና ማዶ በሚሊዮን ተቆጥረዋል። የመልመጃውን አሠራር ቀረብ ብለን እንየው። የአገባብ ሕጎቹ በቁጥር ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ሕግ ሥር ያንኑ ሕግ ብቻ የሚጥሱ ዓረፍተ ነገሮች ተሰልፈዋል። ተማሪዋ 13ኛው ሕግ ላይ ስትደርስ፣ ሕጉ ጊዜን የሚመለከቱ ቃላት እርስ በርሳቸው እንዲስማሙ የሚያዝ ነውና፣ ከፊቷ ያለው ዓረፍተ ነገር በጊዜ እንደተሳሳተ ሳታነብ ታውቀዋለች። አንድን ቤተሰብ ከሃያ ዓመት በላይ ማወቅን በአሁን ጊዜ ግስ የሚናገር ዓረፍተ ነገር ታገኛለች፤ ወደ ፐርፌክት ትለውጠዋለች፤ ቁልፉን ከፍታ ልክ መሆኗን ታያለች። ማረም ተማረች፤ መፈለግ ግን አልተማረችም፤ የት እንዳለ መሪ ነግሯታል። ቁልፉ ለብቻው የታተመው መምህር የሌላቸውም እንዲማሩበት ነው፤ ይህ ለብዙ ድሃ በር ከፍቷል። ነገር ግን ቁልፍ የሚኖረው መልሱ አንድ ሲሆን ነው። መልሳቸው «እንደ ሁኔታው» የሆነ ጥያቄዎች፣ ማለትም እውነተኞቹ የጊዜ ጥያቄዎች፣ ቁልፍ ባለው መጽሐፍ ውስጥ ቦታ ሊያገኙ አልቻሉም። ከጎንደሩ ዓይነት ጥያቄ ይልቅ «የስተርደይ» የተተከለበት ዓረፍተ ነገር የበዛው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ከዚህ በኋላ ስህተት ለቀማ የጦር መሣሪያም የጨዋታ ሜዳም ሆነ። የእንግሊዝን መንግሥት በብዕሩ ሲያስጨንቅ የኖረው ዊልያም ኮቤት በ1818፣ አሜሪካ በስደት ላይ ሳለ፣ ለልጁ በደብዳቤ መልክ ሰዋስው ጻፈ፤ በርእሱ ላይም መጽሐፉ በተለይ ለወታደሮች፣ ለመርከበኞች፣ ለሙያ ለማጆችና ለገበሬ ልጆች እንደሆነ አስታወቀ። በኋለኛው እትም ከንጉሡ ንግግርና ከሚኒስትሮች ጽሑፍ የለቀማቸውን ስህተቶች መልመጃ አድርጎ ጨመረ። የገበሬው ልጅ የሎርዱን ግስ እያቃና ይማር አለ። አሜሪካዊው ጉልድ ብራውን በ1851 ከአንድ ሺህ ገጽ በላይ በሆነ መጽሐፉ የሌሎች ሰዋስው ጸሐፊዎችን፣ መሪን ጨምሮ፣ ስህተት ለተማሪ መልመጃ አድርጎ አቀረበ። በ1868 ደግሞ ጆርጅ ዋሽንግተን ሙን በመሪ እንግሊዝኛ ላይ ብቻ ሳይሆን በሌሎች ቋንቋ ሐያስያን ጽሑፍ ላይ የዘመተ መጽሐፍ አወጣ። አራሚው ሁሉ ታራሚ ሆነ። እነዚህ ሁሉ የተማሩ ሰዎች ሙሉ ዕድሜያቸውን በሕጉ ላይ አሳልፈው እርስ በርስ ስህተት ከተገኘባቸው፣ ወይ ሕጉ ከቋንቋው ጋር አይገጥምም፣ ወይ የለቀማው ዓላማ ከማስተማር ይልቅ ማሸነፍ ሆኗል። ሁለቱም እውነት ይመስለኛል።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። ላውዝና መሪ ባይኖሩ ኖሮ ከለንደን እስከ ካልካታ፣ ከቦስተን እስከ አዲስ አበባ የሚያግባባ አንድ የጽሑፍ እንግሊዝኛ ከየት ይመጣ ነበር? ዛሬ «አይ ሃቭ ሮት» ብሎ የሚጽፍ ጋዜጣ የለም፤ ይህ የመልመጃው ፍሬ አይደለምን? ፍሬው መኖሩን አልክድም። የቅርጹ መርጋት ለባዕድ ተማሪ በተለይ ውለታ ነው፤ አንድ ግስ አንድ ፓርቲሲፕል ቢኖረው ሸክሙ ይቀላል። ግን ተቃውሞው የሚያረጋግጠው የኔኑ ነጥብ ነው፤ መልመጃው ያሸነፈው በቅርጽ ላይ ነው። የጊዜን አጠቃቀም ሊገድብ በሞከረበት ቦታ በአመዛኙ ተሸንፏል። «ዘ ሃውስ ኢዝ ቢልዲንግ» ማለት ቤቱ እየተሠራ ነው ለማለት ያገለግል ነበር፤ «ኢዝ ቢዪንግ ቢልት» የሚለው የመጣው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ ነው። የ19ኛው ክፍለ ዘመን አራሚዎች እንደ መቅሠፍት ቆጠሩት፤ ሪቻርድ ግራንት ዋይት በ1870 ባሳተመው መጽሐፉ ብዙ ገጽ ሰጥቶ አወገዘው። ዛሬ ስህተት የሚባለው እሱ ትክክል ያለው ነው። ተናጋሪዎቹ የሚገልጹት ጊዜ ስለነበራቸው አራሚውን ጥለው ሄዱ።

መልመጃው ከመጽሐፍ ወደ ፈተና የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። ሃርቫርድ በ1880ዎቹ ለመግቢያ ፈተና የሚቀርቡትን ሁሉ የመጥፎ እንግሊዝኛ ናሙና ያሳርም ነበር። ካምብሪጅ በ1913 ለውጭ አገር ሰዎች የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ ብቃት ፈተና ሲያወጣ 12 ሰዓት የሚፈጅ ነበር፤ የተፈተኑት 3 ሰዎች ናቸው፤ ሦስቱም ወደቁ። የዚያን ፈተና የሰዋስው ክፍል ልዩ የሚያደርገው አንድ ነገር አለ። ተፈታኙ የተሰጡትን ዓረፍተ ነገሮች ወይ እንዲያርም ወይ እንዲከላከልላቸው፣ ምክንያቱንም እንዲጽፍ ይጠየቃል። «ይህ ስህተት አይደለም» ብሎ መሟገት ይቻላል ማለት ነው፤ ለመሟገት ደግሞ ዐውድ መፍጠር ግድ ነው። ይህ በር ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ። በ1938 የአይቢኤም 805 የፈተና ማረሚያ ማሽን ወጣ፤ በእርሳስ የጠቆረውን ምልክት የሚቆጥር መሣሪያ ምክንያት አያነብም። በ1964 ለውጭ አገር ሰዎች የሚሰጠው የእንግሊዝኛ ፈተና ቶፍል ሲጀመር ከተሰመረባቸው አራት ቦታዎች ስህተቱን መምረጥ የፈተናው አንድ ክፍል ሆኖ በዓለም ተሰራጨ። የመሪ ቁልፍ የጀመረውን ማሽኑ ጨረሰው።

በዚያው ዘመን ግን አጥኚዎቹ ፊታቸውን ወደ ሌላ እያዞሩ ነበር። በ1963 አሜሪካ ውስጥ በጽሕፈት ትምህርት ላይ የተደረጉ ጥናቶችን የመረመረው የብራዶክና የባልደረቦቹ ዘገባ፣ ሰዋስውን ለብቻው ነጥሎ ማስተማር ጽሕፈትን ከማሻሻል ይልቅ ጊዜውን ስለሚሻማ ሊጎዳ እንደሚችል ደመደመ። በ1967 ፒት ኮርደር የተማሪ ስህተት የትምህርት ማስረጃ ነው አለ፤ ተማሪው በውስጡ የሠራውን ሕግ ያሳያልና። ሚና ሾነሲ በ1977 ባሳተመችው መጽሐፏ ኒው ዮርክ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ የገቡ አዲስ ተማሪዎች የጻፏቸውን 4000 ያህል ድርሰቶች መርምራ፣ የተበላሸ የሚመስለው ግስ ሁሉ የራሱ አመክንዮ እንዳለው አሳየች። በ1981 ጆሴፍ ዊልያምስ ስለ ስህተት በጻፈው ጽሑፍ ውስጥ ሆን ብሎ መቶ ያህል ስህተት ሰግስጎ ለመምህራን መጽሔት ሰጠ፤ ሥራቸው ስህተት መልቀም የሆነ አንባቢዎች አብዛኛውን ሳያዩት አለፉ። ከዚህ የምንማረው ነገር ግልጽ ነው። ስህተት ፈልግ የተባለ ሰው ያለውንም የሌለውንም ያያል፤ ቁም ነገር እየተከተለ የሚያነብ ሰው ግን የሚሰናከለው ትርጉም ሲዛባበት ብቻ ነው። ጆን ትረስኮት በ1996 የሰዋስው እርማት ለባዕድ ቋንቋ ጸሐፊዎች አይጠቅምም፣ ይቅር እስከማለት ሄደ፤ ዳና ፌሪስ በ1999 መልስ ሰጠችው። በዚህ ክርክር እኔ ከፌሪስ ጋር ነኝ፤ እርማት ይቅር አልልም። የምለው የሚታረመው ነገር ይለወጥ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከክፍል ውስጥ ይመጣል። ስልሳና ሰባ ተማሪ ያለው መምህር የእያንዳንዱን ድርሰት እንዴት ያርማል? መቶ ሺዎች የሚቀመጡበት ፈተናስ ያለ ምርጫ ጥያቄ እንዴት ይታረማል? ተቃውሞው ተጨባጭ ነው፤ ሆኖም ምርጫ ጥያቄን ከነጠላ ዓረፍተ ነገር ጋር አንድ አድርጎ ማየት አያስፈልግም። ቶፍል በ2005 በኢንተርኔት ሲጀመር የሰዋስው ክፍሉን ለብቻው መፈተን ትቶታል። የአሜሪካው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ኤስኤቲ ደግሞ በ2016 ሲታደስ ነጠላ የስህተት ጥያቄዎቹን አስወግዶ፣ ተፈታኙ ሙሉ ጽሑፍ እያነበበ በውስጡ ያሉትን ግሶች እንዲመዝን አደረገ። ፈተናው ከዚያ በኋላም ምርጫ ነበር፤ በማሽንም ይታረም ነበር፤ ተፈታኙም እጅግ ብዙ ነበር። የተለወጠው ጥያቄው የቆመበት መሬት ነው። ይህ ማስረጃ ብቻውን «ከነጠላ ዓረፍተ ነገር ሌላ አማራጭ የለም» የሚለውን ክርክር ይዘጋዋል።

የኛ ድርሻ እዚህ ጋ ይመጣል። ከ1941 በኋላ እንግሊዝኛ በኢትዮጵያ የከፍተኛ ደረጃ ትምህርት መማሪያ ሆነ፤ የ1994ቱ የትምህርት ፖሊሲም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃና በዩኒቨርሲቲ ደግሞ መማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ወሰነ። ስለዚህ ልጆቻችን ታሪክንም ፊዚክስንም በእንግሊዝኛ ግስ ያስባሉ፤ የጊዜ መዛባት ለነሱ የሐሳብ መዛባት ነው። የአማርኛ ተናጋሪ ደግሞ የሚሳሳትበት ቦታ ለሊንድሊ መሪ ተማሪዎች ከተዘጋጀው የተለየ ነው። እኛ «ትናንት ሄዷል» ብንል ማንም አይቃወመንም፤ የእንግሊዝኛው ፐርፌክት ግን «የስተርደይ»ን አይቀበልም። «ነገ ይሄዳል» እና «በየቀኑ ይሄዳል» ስንል ግሱ አይለወጥም። «እመጣለሁ አለ» ስንል የተናጋሪውን ቃል እንዳለ እናቆየዋለን፤ እንግሊዝኛው ግን «ሂ ሴድ ሂ ዉድ ካም» ብሎ ግሱን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ከነዚህ የመጀመሪያውን በነጠላ ዓረፍተ ነገር ማሠልጠን ይቻላል። የመጨረሻው ግን ትረካ ካልተጻፈ፣ ማን መቼ ምን እንዳለ ካልተቆጠረ አይለመድም። ፈተናው ነጠላ ዓረፍተ ነገር ስለሚወድ መምህሩም ለመጀመሪያው ዓይነት ያሠለጥናል፤ ተማሪው ጥያቄውን መልሶ ሲያበቃ የገዛ ድርሰቱ ውስጥ በአንድ አንቀጽ ሦስት ጊዜ ከአሁን ወደ ኃላፊ ይዘላል።

አንዳንዶች ደግሞ የተሳሳተ ዓረፍተ ነገር ማሳየት ራሱ ስህተቱን ያስለምዳል ይላሉ። ይህን ሐሳብ አልደግፍም፤ የተበላሸ ግስ አይቶ ማቃናት ለጀማሪ ዓይን ይከፍታል፤ የፊሸር መልመጃም በዚህ በኩል ሦስት መቶ ዓመት ሊጠጋው የደረሰው በከንቱ አይደለም። ቦታው ግን ይወሰን። የ«ወንት»ና የ«ጎን» ልዩነት፣ የ«ሂ ጎ»ና የ«ሂ ጎዝ» ልዩነት በነጠላ ዓረፍተ ነገር ይታረም፤ በታችኛው ክፍል ይጀመር፣ በታችኛው ክፍል ይለቅ። ከዚያ በላይ ያለው የጊዜ እርማት ከአንቀጽ በታች መውረድ የለበትም። መጽሐፍ የምታዘጋጁ፣ ፈተና የምታወጡ፣ ክፍል ውስጥ ቀይ እስክሪብቶ የያዛችሁ ሁሉ አንድ ነገር ሞክሩ፤ ለተማሪው አሥር የተሳሳቱ ዓረፍተ ነገሮች ከመስጠት አንድ ገጽ ታሪክ ስጡት፣ ወይም ራሱ የጻፈውን መልሱለት፣ ከዚያ በእያንዳንዱ ግስ ላይ «ይህ የሆነው መቼ ነው? አንተስ የምታወራው ከየትኛው ጊዜ ላይ ቆመህ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ለነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ያለው ተማሪ ቴንሱን ራሱ ያርማል።